ደጃፋችን የማትቆም መኪና

ኤልስበሪ፣ ሚሺጋን
ኖቬምበር 9 ቀን 2003

ወንድሜ ሌን፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅም። እንደምትሠራቸው መኪኖች ሁሉ ምንም እንደማይነካህ አውቃለሁ። እኔም እንደምሠራት መኪና ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት በግድ ነው የምነሣው።

ፖስትካርድህ ደርሶኛል። ለምስጋና ቀን ልምጣ ወይ ላልከው፣ ና። ማን ከለከለህ? ቤቱ የአባትህ ነው። ደጃፉ ግን ያው እንደምታውቀው ነው። ከቤቱ ጎን ያለችው ማቆሚያ የአባባ መኪና የሬድፈርን ቦታ ናት። እሷም ላይ ሆነ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ የጃፓን መኪና ቆሞ ማየት አይፈልግም። እንዳለፈው ፋሲካ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አቁምና በእግርህ ና። ሦስት መንገድ ማቋረጥ ነው፣ ሌላ ምን አለው?

ያን ጊዜ ዝናብ እንደመታህ አልረሳሁም። አባባም የመኪናህን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አይቶ «ይሄን ነገር ከምበላበት አንሺልኝ» ማለቱ ደግ አልነበረም። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብለህ ግን አትጠብቅ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሬድፈርን ሲሠራ ኖሮ በስተርጅናው ፋብሪካው ሊዘጋ ነው የተባለ ሰው ነው። ያንን ቁልፍ ሲያይ የሚታየው ልጁ አይደለም።

ለምን አትደውዪም ብለሃል። ስልኩ ያለው አባባ ወንበር አጠገብ ነው። የደነቆረው ደግሞ አንድ ጆሮው ብቻ ነው።

እኛ ፋብሪካ ውስጥ ያለነው እስከ ኤፕሪል ነው። ሁለተኛው ፈረቃ ባለፈው ወር ተዘግቷል። ሬድፈርን ልትቀር ነው ከተባለ ወዲህ ገዢ ጠፋ ይሉናል። ገዢ ስለጠፋ አይደል እንዴ የምትቀረው ብዬ አለቃችንን ጠየቅኩት፤ «በርኒ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። ሥራ ሲኖር አይደል።

ስለ አባባ ሳል ጠይቀሃል። ሳሉ ያው ሳል ነው።

እህትህ በርናዲን


ቴነሲ
ኖቬምበር 20 ቀን 2003

በርኒ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፣ እሱ ሰላምታ ከሆነ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አላቆምም። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴን ለማየት መኪናዬን እንደ ሌባ ደብቄ፣ አንገቴን ቀብሬ፣ በጎረቤት መስኮት ሥር አልሄድም። ያቺን መኪና በገዛ እጄ ነው የሠራኋት። በሮቿን የገጠምነው እኔና እዚሁ ቴነሲ ተወልደው ያደጉ ልጆች ነን። ጃፓንን ካርታ ላይ አሳዩኝ ብትያቸው ጣታቸውን የት እንደሚያሳርፉ አያውቁም።

«ውሻ እንኳን በበላበት ይጮኻል» አለ አባባ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር በጋ ላይ። እስቲ ጠይቂልኝ፤ እኔ የበላሁት የት ነው? ሬድፈርን አሥራ ሁለት ዓመት አሠርቶ በ1991 ገና በዓል ሊደርስ ሲል ከሥራ ቀነሰኝ። የሄድኩት እኔ ነኝ ወይስ የሸኙኝ እነሱ? አባባ ያን ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ታገሥ፣ መልሰው ይጠሩሃል» አለኝ። ሦስት ዓመት ታገሥኩ። ሰው ቤት በረዶ እየጠረግኩ ታገሥኩ። የጠራኝ የቴነሲው የጃፓኖች ፋብሪካ ነው።

ደግሞስ ሬድፈርንን የገደልናት እኛ ነን? የገዛ ሞተሯን ነጥቀው የሌላ መኪና ሞተር ያስገቡላት፣ ከዚያም አንዷን መኪና አራት ስም እየለጠፉ የሸጡ፣ የአያቶች መኪና ናት ሲባሉ ማስታወቂያ ላይ ወጣት ያስጨፈሩ እነማን ናቸው? አባባ ራሱ «ይህቺ ሬድፈርን አይደለችም፣ የሬድፈርንን ልብስ የለበሰች ናት» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ አልነበር? እሱ ሲናገረው ጀግና፣ እኔ ስናገረው ከሃዲ።

በመኪናዬ መጥቼ ከደጃፍ እቆማለሁ፤ አለዚያ አልመጣም። ከፈለግሽ ንገሪው።

ስለ ሳል አልጠየቅኩሽም። ሐኪሙ ምን አለ ነው ያልኩሽ።

ሌን


ኤልስበሪ
ዲሴምበር 14 ቀን 2003

ሌን፣

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ደግሞ ዕጣዬ ሆኖ በእንዲህ ያሉ ሁለት ሞኞች መሃል ነው የምኖረው።

ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ። ካንሰር። ይህን በምስጋና ቀን ፊት ለፊት ልነግርህ ነበር ሐሳቤ፤ አንተ ግን ቀረህ። ጥፋቴን ቆጥረህ ያዝብኝ፣ ይቅርታ። እኔ የደበቅኩህ በደብዳቤ የሚባል ነገር ስላልመሰለኝ ነው።

አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አድርገውለታል። «በርኒ፣ በመጨረሻ ጭስ ማውጫ ገጠሙልኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳል ያዘውና ሳቁ የት እንደገባ አላወቅንም።

ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩለት። ቀኑን ሙሉ ደጃፉን ያያል። ማንን ነው የምትጠብቀው ስለው «በረዶውን ነው የማየው» ይለኛል። በረዶ ደግሞ እስካሁን ጠብ አላለም።

ቼስተር ማሌክ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣ ካርታ ይጫወታሉ። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር የነበረውን ቼስተርን መቼም አትረሳውም፤ በሠራተኛው ሽርሽር ላይ የጃፓን መኪና በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ፎቶ የተነሣው። ፎቶው ዛሬም አዳራሹ ግድግዳ ላይ አለ። አንተም አለህበት፤ ከኋላ ቆመህ ታጨበጭባለህ።

አሁን አንድ ነገር ልበልህና ተቆጣ። አሮጌ ሬድፈርን ግዛ። እሷን ነድተህ ናና ደጃፍ አቁም። አባባ በመስኮት ይይህ። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ገደል ክተታት። አንተ ስትረታው ያለቀስኩትን ያህል ሊረታህ ሲሞክርም አልቅሻለሁ፤ አሁን ግን ከሁለታችሁ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ታናሽ ነህና ዝቅ በል።

መልካም ገና። የእናታችንን መቃብር ቀለም አስቀብቻለሁ።

በርናዲን


ቴነሲ
ጃንዋሪ 18 ቀን 2004

እህቴ በርኒ፣

ለገና ባለመምጣቴ በወረቀት ይቅርታ አልጠይቅሽም። በልቤ ጠይቄሻለሁ፣ ይበቃል።

የላክሽው የአባባ ፎቶ ደረሰኝ። አንገቱ እንዲህ የቀጠነው መቼ ነው? ምን ያህል ጊዜ ቀረው ብዬ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ፎቶው ስለነገረኝ አንቺ አትድከሚ።

አሸንፈሻል፤ ገዛኋት። የ1988 ሬድፈርን፣ ቡናማ፣ ከአንዲት ባሏ ከሞተባት ሴትዮ ላይ። ወንበሯ ሶፋ ነው። ካምቢዮዋ ሁለተኛ ስትገባ ታቃስታለች፤ አባባ ከወንበር ሲነሣ እንደሚያቃስተው። ሚስቴ ጆሊን ከበረንዳ ላይ አይታ «በዚች ነው ሚሺጋን የምትደርሰው? ስንቅ ልቋጥርልህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሥራ ቦታ ይዣት ብሄድ ልጆቹ «ኧረ ሌን፣ ይቺን ዳር ላይ አቁምልን፣ አለቃ እንዳያይ» አሉኝ። ለካ እዚህም ደጃፍ አለ።

ግን በርኒ፣ በሩ ሲዘጋ ያለው ድምፅ! አባባ አዲስ መኪና ባመጣ ቁጥር ደጅ አሰልፎን በሩን እየከፈተ እየዘጋ «ስሙ! ይሄን ስሙ!» ይለን የነበረው ድምፅ። በንዴት ነው የገዛኋት። መሪዋን ይዤ ግን አለቀስኩ። ጆሊን እንኳን አታውቅም፤ ለማንም እንዳታወሪ።

ለቅበላ እመጣለሁ። የቅበላውን ማክሰኞ ሳይነጋ ተነሥቼ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ነኝ። ቦምቦሊኖውን ከፖላንዶቹ ዳቦ ቤት ግዢ፣ የፕለም መርማላታ ያለበትን፤ አባባ ሌላውን አይነካም። ረቡዕ ጾም ከመያዙ በፊት አብረን እንበላለን።

በምን እንደምመጣ ንገሪው። ካሁኑ ደስ ይበለው።

ሌን


ኤልስበሪ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2004

ሌን ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ይስጥህ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ስንሰዳደብ የኖርንበት አፍ ምስጋና ሲሉት ይተሳሰራል።

ለቅበላ ይመጣል ብዬ ነገርኩት። «በምን?» አለኝ። «ሲመጣ ታያለህ» አልኩት። ንገሪው ብለኸኝ ነበር፤ አውቃለሁ፣ አልነገርኩትም። በመስኮቱ ራሱ ይይ። ሬድፈርን ወደ ደጃፍ ስትዞር፣ አንተ መሪውን ይዘህ። በዚህ ዓመት የቀረችለት ደስታ ይቺ ብቻ ናት፤ አስቀድሜ ቆርሼ አልሰጠውም።

ተቆጣኝ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ለብቻው ያጉረመርማል። «ግትር ልጅ» ይላል። ከማን ወረሰው ብለው «ከእናትሽ ነዋ!» አለኝ። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ሰምታ ቢሆን መጥበሻ ታነሣበት ነበር።

ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ። ሊዘጋ የቀረው ይህን ያህል ሆኖ አሁንም ፈቃድ የለም። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ፤ ቀድመኸኝ ከደረስክ በሩ አይቆለፍም።

የሰማንያ ስምንቶቹን ካምቢዮ ለመካኒክ አሳይ። ክፉ ናቸው። እኛው ነን የሠራናቸው፤ እናውቃለን። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ዳገት ላይ አታጣድፋት።

በርናዲን


ቴነሲ
ማርች 14 ቀን 2004

በርኒ፣

ከቀብሩ ወዲህ ሰላምታ መጻፍ አቅቶኝ ነው ዝም ያልኩት። ለጤናሽ እንደምን ነሽ ልበልሽ? አሁንም ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁም፤ ዝም ብዬ ልጻፈው።

ያን ቀን ሳትጠይቂኝ፣ እኔም ሳልነግርሽ ተለያየን። ካምቢዮው ኦሃዮ ውስጥ ሊማ ከተማን አለፍ እንዳልኩ ለቀቀ። አሳይቼ ነበር፤ ሰውየው ትደርሳለች ብሎኝ ነበር። መንገድ ዳር በረዶ ላይ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ መኪኖች ያልፋሉ። እኔው የሠራኋቸው ያልፋሉ፣ በርኒ። በራቸውን አውቀዋለሁ። አንዲትም አልቆመችልኝም።

ነዳጅ ማደያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ቤት ደወልኩ። ስልኩ ከወንበሩ አጠገብ ነው ብለሽኝ የለ? እስኪቋረጥ ድረስ ጮኸ። መልሼ ደወልኩ፤ ጮኸ። ተኝቶ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። የጎታች መኪናው ሹፌር መጥቶ «ሬድፈርን? አሁንም አሉ እንዴ?» አለኝ፤ ልመታው ነበር።

ጎትቶኝ ደጃፍ ስንደርስ ቼስተር በሩ ላይ ቆሟል። ሬድፈርኗን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «በዚች ነው የመጣኸው?» አለኝ። በዚች ነው አልኩት። ያኔ ነው አንቺ እያለቀስሽ የወጣሽው፤ የቀረውን ከዕንባሽ ሰማሁ።

ሬሳውን የማኅበሩ ሰዎች ናቸው የሚሸከሙት፣ ደንቡ ነው አለኝ ቼስተር በነጋታው። ልጁ ነኝ አልኩት። «ልጁስ ነህ» ብሎ ፊቱን አዞረ። የገዛ አባቴን ሬሳ ሌሎች ተሸክመውት ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ይሄን እንደ ምግብ ውጦ የሚያሳድር ሆድ የለኝም። ቼስተርን ይቅር አልልም። አንቺም ዝም አልሽ፤ አንቺንም ገና አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ያን ቀን የአባባ መኪና መንገድ ላይ ቆማ ነበር፣ በረዶ ለብሳ። በሕይወቱ በበረዶ ጊዜ ከደጃፍ አውጥቷት አያውቅም። ደጃፉ ደግሞ ተጠርጓል። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ለካህኑ ስትነግሪ ሰምቼሻለሁ፤ ወንበሩ ላይ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ቱቦው መሬት ላይ ወድቆ፣ ጫማው ርሶ ነው ያገኘሁት አልሽ። በዚያ ብርድ ምን ሊሠራ ወጣ? መኪናዋን ማን ነው ያወጣት?

እዚህ ሰው እየቀጠሩ ነው። መጥተሽ ከእኔ ጋር ሥሪ ያልኩሽ አሁንም እንዳለ ነው።

ሌን


ኤልስበሪ
ሜይ 2 ቀን 2004

ሌን፣

ሳልመልስልህ የቆየሁት ልደብቅህ ብዬ አይደለም። እጠረጥር ነበር፤ ጥርጣሬ ደግሞ ለሐዘንተኛ አይጻፍም። አሁን ግን አውቄያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የመጨረሻዋ ሬድፈርን ከመስመር ወጣች። ጥቁር ቀይ ናት። የምንሠራ ሁላችን፣ ጡረተኞቹም ተጠርተው፣ ከኮፈኗ ሥር ስማችንን ጻፍን። ከላይ ያሉት ትልልቆቹ መጥተው አጨበጨቡ፣ ኬክ ቆረሱ። ራሳቸው የገደሉትን ሰው ተዝካር የሚበሉ ነው የመሰሉኝ። እኔም ቁራጭ ደርሶኝ ነበር፤ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ቼስተር ክራቫት አስሮ መጥቷል። ብዕር ሰጡት፤ ይዞ ቆመ፣ አይጽፍም። ከዚያ በክንዴ ስቦ ገለል አደረገኝ።

«በርኒ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አለኝ።

«ዛሬ ነው የሚነገረው?»

«ዛሬ ካልነገርኩሽ አብሮኝ ይቀበራል።»

የነገረኝን እንዳለ ልጻፍልህ። ያን ማክሰኞ እኔ ሥራ እንደሄድኩ አባባ ደወለለት። «ቼስተር፣ ና እስቲ መኪናዬን ከደጃፍ አውጣልኝ፣ በረዶውንም ጥረግልኝ» አለው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልጁ ሊመጣ ነው። እኔ ቦታ ላይ ይቁም።»

«በዚያች በጃፓኗ?»

«በባቡር ይምጣ፣ በአህያ ይምጣ፣ ምን ቸገረህ? ቤተ ክርስቲያን ጋ አቁሞ ዝናብ እየደበደበው ሲመጣ አይቼዋለሁ፣ በዚሁ መስኮት። ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።»

ቼስተርም «ካዝ፣ ስንት ዓመት አብረን ኖርን፤ ለጃፓን መኪና ቦታ የሚጠርግ እጅ ግን የለኝም» ብሎ ስልኩን ዘጋበት።

ስለዚህ ራሱ ወጣ። ቱቦውን አውልቆ፣ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ። መኪናውን መንገድ ላይ አቆመ። አካፋውን ይዞ ደጃፉን ከዳር እስከ ዳር ጠረገ፤ ልክ አንተ የምታውቀውን አጠራረግ፣ ጥጉን ሁሉ ሳይቀር። ከዚያ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅህ ጀመር። አንተ ደግሞ ያን ሰዓት ለእሱ ብለህ በገዛሃት ሬድፈርን ኦሃዮ መንገድ ዳር ቆመሃል።

ቼስተር ቀኑን ሙሉ ነገሩ ሲቆጠቁጠው ዋለና ካዝን ይቅርታ ልለው ብሎ ሲመጣ እኔን እያለቀስኩ አገኘኝ። ብዙም ሳይቆይ አንተ በሬድፈርን መጣህ። ደንብ ነው ብሎ ከሬሳው ያራቀህ ደንብ አልነበረም፣ ሌን። «ከልጁ ጋር አንድ ሬሳ ሣጥን ይዤ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም» ነው ያለኝ። ይቅር በለው አልልህም። እኔም አላልኩትም።

በምን እንደምትመጣ ንገሪው ብለኸኝ ነበር። ብነግረው ኖሮ አይወጣም ነበር። ይህን አንተ ከምትጽፍልኝ እኔው ጽፌዋለሁ፤ እንዳትደግመው።

ቼስተር ተመልሶ ሄዶ የአባባን ስም፣ «ካዝሚር ፒላርስኪ» ብሎ ጻፈ። «የልጁንም ልጻፍ?» አለኝ። አትጻፍ አልኩት። እዚያ ያሉት ስሞች ሁሉ የተባረሩ ሰዎች ስሞች ናቸው፤ አንተ አንዴ ተባርረሃል፣ ይበቃሃል። አባባ ደግሞ ቦታ ሰጥቶሃል፣ የራሱን፣ ጠርጎ።

ስለ ቴነሲው ሥራ ገና አልወሰንኩም። እመጣለሁ ብል አባባ የሚሰማኝ ይመስለኛል፤ አልመጣም ብል ደግሞ የምበላው የለም። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።

የአባባን መኪና ከዚያ ቀን ወዲህ ከመንገድ ላይ አላነሣኋትም። ፖሊስ አንሺ የሚል ወረቀት ይለጥፍባታል፤ እኔ እቀድደዋለሁ። ደጃፉ ባዶ ነው። በፈለግከው መኪና መጥተህ ቁምበት።

ወንበሩን ግን ከመስኮቱ አንስቼዋለሁ።

እህትህ በርናዲን